ፊልሙ የት ታጠበ?

ጥያቄ፦ ዲጂታል ካሜራ ባልነበረበት ዘመን ሶቪየቶች የጨረቃን ጀርባ እንዴት ፎቶ አነሡ? ፊልሙ ምድር ላይ ነው የታጠበው?

መልስ፦ ፊልሙ አልተመለሰም፤ እዚያው ጠፈር ላይ ታጠበ! በወጣትነቴ ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። በድቅድቅ ጨለማ ፊልሙን በዳበሳ ከጥቅሉ አወጣለሁ፤ የመድኃኒቱ ሙቀት ትንሽ ከተዛባ የሰው ሠርግ ተበላሸ ማለት ነው። ሉና 3 የተባለችው የሶቪየት መንኮራኩር ይህን ሁሉ ያለ ሰው እጅ መሥራቷ ዛሬም ያስደንቀኛል።

መስከረም 26 ቀን 1952 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ኦክቶበር 7 ቀን 1959) በ40 ደቂቃ ውስጥ 29 ፎቶ አነሣች። ካሜራዋ ባለ 200 እና ባለ 500 ሚሊ ሜትር ሁለት ሌንሶች ነበሩት። 35 ሚሊ ሜትሩ ፊልም በውስጧ ታጥቦ ደረቀ። ከዚያ ቀጭን የብርሃን ነጥብ በፊልሙ ላይ መስመር በመስመር እየሄደ ጥቁሩንና ነጩን ለየ፤ ልዩነቱም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ተለውጦ በሬዲዮ ወደ ምድር ተላከ።

ፊልሙ ራሱ ከአሜሪካ የስለላ ፊኛዎች የተገኘ ነበር፤ ጨረርንና የሙቀት መለዋወጥን ይቋቋም ስለነበር ተመረጠ። የደረሱት ምስሎች ደብዛዛና ጭረት የበዛባቸው ናቸው። ቢሆንም የሩቁን ገጽ 70 በመቶ ያህል ያሳያሉ፤ ዛሬ «የሞስኮ ባሕር» የሚባለው ጥቁር ሜዳም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በእነርሱ ነው።