«የአስማት ትርኢት» ይባላል?

አንዲት አንባቢ ከባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈውልኛል፦ «ሐይቁ ዳር ለልጆች ‹የአስማት ትርኢት› ይቀርባል የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ‹ሲህር (በዐረብኛ ድግምት ማለት ነው) ሐራም ነው፣ ልጄን አልልክም› አለች። እኔም አመነታሁ። ቃሉ ትክክል ነው?»

ለእኔ ትክክል አይደለም። መሐረብ ከእጅጌው የሚያወጣ ሰው አስማተኛ አይደለም። ምትሐት የሚል ቃል እያለን!

አስማት ግእዝ ነው፤ የ«ስም» ብዙ ቁጥር። ዐረብኛው ኢስም ብሎ አስማእ ይላል፣ ዕብራይስጡ ሼም ብሎ ሼሞት። ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። (ስለዚህ «አስማቶች» ብዙውን እንደገና ማብዛት ነው፤ ጆሮዬን ይቆረቁረዋል።) ክታብ ላይ የሚጻፉት ኅቡዕ ስሞች አስማት የተባሉት በዚህ ነው። አስማተኛ ስም ጠርቶ ኃይል የሚሻ ሰው ነው። መሐረቡ ሲወጣ የማን ስም ተጠራ?

ምትሐት ግን የዓይን ጉዳይ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በባሕር ላይ ሲሄድ ሲያዩት «ምትሐት ነው» ብለው ጮኹ። ዓይናቸው ያየውን ልባቸው አላመነም።

«ሃይማኖቱ ሁሉንም ከከለከለ መለየቱ ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። ይረባል እንጂ። ኦሪት ዘዳግም 18 ምዋርተኛውን፣ ሞራ ገላጩን፣ አስማተኛውን፣ መተተኛውን፣ ጠንቋዩን፣ ሙታን ሳቢውን ለየብቻ ይጠራቸዋል። የአይሁድ ሊቃውንትም ከዚህ በላይ ለይተዋል። ሚሽና የተባለው ጥንታዊ የሕግ መጽሐፋቸው ሳንሄድሪን በሚባለው ክፍሉ ሁለት ሰዎች በአስማት ኪያር ሲለቅሙ ያስባል። አንዱ በእርግጥ ፈጽሞታል፤ ይቀጣል። ሌላው የተመልካቹን «ዓይን ይዟል»፤ ከቅጣቱ ነጻ ነው። ሚሽናን የሚያብራራው ታልሙድ ግን «ነጻ ይሁን እንጂ አልተፈቀደም» ብሎ ይጨምርበታል።

በእስልምና በኩል ተከራካሪዎቼ የተሻለ ማስረጃ አላቸው። በሐዲስ ሲህር ከሰባቱ አጥፊ ኃጢአቶች አንዱ ነው፤ ከሺርክ፣ ማለትም በአላህ ከማጋራት፣ ቀጥሎ ይጠራል። ቁርኣን ደግሞ በሱረቱል አዕራፍ 116 የፈርዖን ድግምተኞች በሰዎች ዓይን ላይ ያደረጉትን በዚሁ በሲህር ግስ ይገልጸዋል። ስለዚህ ዐረብኛው ቃል ዓይን ማታለልንም ያቅፋል። ጎረቤትዎ የሰጉት በማስታወቂያው ቃል ብቻ ነው ማለት አልችልም።

ዛሬ «አስማት» ሰፍቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጎበዝ ኳስ ተጫዋች «አስማተኛ» ይባላል፣ የልጆች ፊልምም እንደዚያው። መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው አዲሱን ፍቺ መመዝገብ አለበት፤ እኔም ብሆን እመዘግበዋለሁ፣ ደስ ሳይለኝ። ማስታወቂያ ጸሐፊው ቢጠይቀኝ ግን «የምትሐት ትርኢት» በል እለዋለሁ።

ለጎረቤትዎ የሚታየው የእጅ ቅልጥፍና መሆኑን ይንገሯቸው። መፈቀድ አለመፈቀዱን ግን ኡስታዛቸውን ይጠይቁ፤ እሱ የእኔ ሥልጣን አይደለም።