በአፍንጫው ውስጥ የደበቅሁት 12 ግራም

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጥያቄ ላከችልኝ። ትንሽ ሮኬት ራሷ ነድፋ እየሠራች ነው፤ ኦፕንሮኬት የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የሮኬቷ የመረጋጋት መጠን 1.4 ነው ብሏታል። «ይህን ካወቅሁ ሮኬቱን በክር አስሬ በጭንቅላቴ ዙሪያ ማሽከርከር ለምን ያስፈልገኛል?» ትላለች። በሁለት መስመር መልሼላት ልተኛ ስል እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ምክንያቱም ጥያቄዋ ከብዙ ዓመታት በፊት በእህቴ ልጅ ላይ የሠራሁትን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነበር። በግሪንቤልት የሚገኘው የናሳ ጎዳርድ የጠፈር በረራ ማዕከል፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ሰው ሁሉ የሠራትን ትንሽ ሮኬት ይዞ መጥቶ በጎብኚዎች መቀበያው አጠገብ እንዲያስወነጭፍ ይፈቅድ ነበር። እኛም ከቅዳሴ መልስ ነጠላችንን መኪና ውስጥ አኑረን እዚያ እንቆማለን። ልጁ በካርቶን ተዘጋጅተው የሚሸጡትን እየገጣጠመ ጥቂት ጊዜ ካስወነጨፈ በኋላ፣ ከእንግዲህ የራሴን ነው የምሠራው አለኝ።

የነደፈው ሮኬት 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የወረቀት ቱቦ ላይ ከአሮጌ ሮኬት የተረፈ ባዶ የፕላስቲክ አፍንጫ የተሰካበት፣ ሦስት ክንፍ ያለው ነበር። ክንፎቹ በጣም ትንንሽ ሆነው ወደ ፊት ያዘነበሉ ነበሩ፤ ምክንያቱን ብጠይቀው «ፈጣን ያስመስሉታል» አለኝ። የእጅ ሥራው ግን ያስቀና ነበር። ባልሳ የተባለው በጣም ቀላል እንጨት መስመሩ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር እንዲሄድ አድርጎ በምላጭ ቆረጠው፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እያሸ አለሰለሰው፤ ኮላውን አንዴ ቀብቶ ካደረቀ በኋላ በስሱ ደግሞ ቀባና ክንፉን ቱቦው ላይ ጫን አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቀጥ ማለቱን እያየ ያዘው። እኔ በሙያዬ ብዙ ገጣጣሚ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያየሁት በጥቂቶቹ ነው።

ማታ እሱ ከተኛ በኋላ ሞተሩን ከትቼ ቱቦውን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አስተኛሁትና የክብደቱን ማዕከል ፈለግሁ፤ ከአፍንጫው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆነ። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ የአየር ግፊቱን ማዕከል አሰላሁ። ይህን ስሌት ትንንሽ ሮኬት ለሚሠሩ ሰዎች ያመጣው በዚያው በጎዳርድ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጄምስ ባሮውማን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 አቀረበው፣ ዛሬ የምትጠቀሙባቸው ፕሮግራሞችም የሚያሰሉት በእሱ መንገድ ነው። ውጤቱ 29 ሴንቲ ሜትር መጣ። አየሩ ሮኬቱን የሚገፋበት ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል ፊት ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሮኬት ትንሽ ዘንበል ባለ ቁጥር አየሩ ከማቅናት ይልቅ ይብስ ይገለብጠዋል። ጦር ወርውሮ የሚያውቅ ሰው ብረቱ ከፊት የሆነው ለመውጋት ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። የአየር ግፊቱ ማዕከል ቢያንስ የቱቦውን ስፋት ያህል፣ እዚህ ላይ 25 ሚሊ ሜትር፣ ከክብደቱ ማዕከል ኋላ መዋል ነበረበት፤ የተማሪዋ 1.4 የሚለውም ይህንኑ ነው፣ የቱቦውን ስፋት 1.4 እጥፍ ያህል ኋላ ነው ማለት ነው።

ልጁን ቀስቅሼ ወይም ነግቶ እስኪነሣ ጠብቄ ላሳየው ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ሕፃናት የሚጫወቱበትን ባለ ቀለም ጭቃ 12 ግራም መዝኜ፣ አፍንጫውን ከሥሩ ከፍቼ፣ በእርሳስ ጀርባ እየጠቀጠቅሁ ጫፉ ድረስ ሞላሁትና መልሼ ዘጋሁት። የክብደቱ ማዕከል ወደ ፊት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ሄደ። ያኔ የተሰማኝ ኩራት እንደ ነበር አልክድም።

እሑድ በሲ 6-5 ሞተር አስወነጨፍነው። ከማስወንጨፊያው ዘንግ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ነዳጁ ካለቀ በኋላ በሞተሩ ስም መጨረሻ ባለው ቁጥር ልክ አምስት ሰከንድ ያህል በዝምታ ከተንሳፈፈ በኋላ ፓራሹቱ ተከፈተ። ልጁ ሣሩ ላይ ሮጠ። ወደ ፊት ያዘነበሉ ትንንሽ ክንፎች ጥሩ ናቸው ብሎ ደመደመ፤ ለምን አይደመድም? በዓይኑ አይቷል።

ከዚያ ያንኑ ንድፍ አሳድጎ ለ24 ሚሊ ሜትር ሞተር ሠራው። ዲ 12 የሚባለው ያ ሞተር ሲጫን ከ40 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ ክብደት የሚቀመጠው ጅራቱ ላይ ነው። እኔ ለሥራ ርቄ ስለ ነበር ከጓደኞቹና ከአንድ አባት ጋር ሄደው አስወነጨፉት። ሮኬቱ ዘንጉን እንደ ለቀቀ አየር ላይ ይገለባበጥ ጀመር፣ ነዳጁ እስኪያልቅ ድረስ በሰዎቹ አናት ላይ ተሽከረከረና ሣር ላይ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። ስመለስ የተሰበረውን ክንፍ በእጁ ይዞ «የመጀመሪያው ለምን ቀጥ ብሎ ሄደ?» አለኝ። እኔም «ነፋስ ይሆናል» አልኩት።

ከጭቃው ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ቃል ነው። ልጁ ለሳምንታት የነፋስ ፍጥነት እየመዘገበ በሌለ ምክንያት ሲደክም አየሁት፤ በኋላ ሳጥኑን ዘግቶ ተወው። ካደገና ሥራ ከያዘ በኋላ በአንድ የበዓል ምሳ ላይ እውነቱን ነገርኩት። አልተቆጣም። «ስንት ግራም?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝና እንጀራውን ትቶ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ያሰላ ጀመር።

ስለዚህ ልጄ፣ አዎን፣ በክር ማሽከርከር ያስፈልግሻል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የነገርሽውን ክብደት ብቻ ነው። በክንፎቹ ሥር ያፈሰስሽውን ኮላ፣ ሁለቴ የቀባሽውን ቀለም አያውቅም፤ ሁለቱም ደግሞ ጅራቱን ያከብዳሉ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ክንፉን በስሪዲ ፕሪንተር እንደምታትሙ አያለሁ፤ ፕላስቲኩ ከባልሳ ብዙ እጥፍ ስለሚከብድ ወረቀት ላይ 1.4 የነበረው ሜዳ ላይ ሌላ ቁጥር ይሆናል። የተሠራውን ሮኬት ልታስወነጭፊበት ካሰብሽው ሞተርና ከታጠፈ ፓራሹቱ ጋር መዝኚው፣ የክብደቱን ማዕከል ፈልጊ፣ ያገኘሽውን ለፕሮግራሙ ንገሪው። ቀጥሎ ክሩን በዚያ ነጥብ ላይ አስረሽ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ለቀሽ አሽከርክሪው። አፍንጫው መንገዱን ከመራ ደህና ነው። ካልመራ ግን ሮኬቱ የግድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ክሩ አጭር ሲሆን አየሩ በጎን ስለሚመጣ ደህናውም ሊወድቅ ይችላል። እኔ ራሴ መሐንዲስ ስሆን ይህን ፈተና የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ እንቅ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከስሌት አላስበልጠውም፤ ግን ሳታዪው አታስወንጭፊ።

በዚህ ነገር መሳሳት የልጅ ብቻ አይደለም። ማዕከሉ በስሙ የተሰየመለት የሮኬት ፈር ቀዳጅ ሮበርት ጎዳርድ ራሱ እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1926 በኦበርን፣ ማሳቹሴትስ፣ የመጀመሪያውን በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ሲያስወነጭፍ ሞተሩን ከላይ፣ ታንኮቹን ከታች አድርጎት ነበር፤ ከላይ ቢጎተት ቀጥ ብሎ ይሄዳል ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ሞተሩ ግን ከሮኬቱ ጋር አብሮ ስለሚያዘነብል ከላይ መሆኑ ምንም አያቀናም። ያ ሮኬት ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል በርሮ 12 ሜትር ገደማ ከፍ ካለ በኋላ ጎመን እርሻ ውስጥ ወደቀ። በሚቀጥሉት ዓመታት ሞተሩን ወደ ታች አወረደው።

ስለ መራቅ፣ ስለ መቁጠር፣ ስለ ደረቅ ሣር አልጽፍም፤ በሞተሩ ማሸጊያ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ትችላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ነዳጅ በቤታችሁ አትቀምሙ። ይህ የትንንሽ ሮኬት ሥራ የተጀመረው የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ በተወነጨፈችበት ዘመን ልጆች ነዳጅ እየቀመሙ እጃቸውንና ዓይናቸውን ሲያጡ፣ ኦርቪል ካርላይል የተባለ የኔብራስካ ጫማ ሻጭ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሞተር ይዞ ስለ ቀረበ ነው።

ኢትዮጵያ ያላችሁ ሞተሩን ካላገኛችሁ በለስላሳ ጠርሙስ፣ በውኃና በብስክሌት መንፊያ ጀምሩ፤ ጠርሙሱን ስትነፉ ፊታችሁን አርቁ። ሚዛኑን ግን ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ነው የምትፈትሹት፤ ውኃው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚወጣ የቀረውን መንገድ ሁሉ የሚበርረው ባዶው ነውና።