ለአንደኛ ክፍሏ መምህርት፦ ዜማውን ተዪውና ፊደሉን በትኚው

«ክፍሌ ሞልቷል፤ ሁሉም ሀሁን በዜማ ይወጡታል፤ አንድ ቃል ስጽፍላቸው ግን ዝም ይላሉ፤ ምን ላድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። አራዳ ክፍለ ከተማ ነኝ ስላልሽ ነገሩ ገብቶኛል። እኔም አራት ኪሎ አካባቢ በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው።

1. ገበታውን ከላይ እስከ ታች ማስባሉን አቁሚ። ልጆቹ የያዙት ዜማውን ነው እንጂ ቅርጹን አይደለም። 33ቱ በ7 ተባዝቶ 231ዱ ፊደል እስኪያልቅም አትጠብቂ። ከለ፣ ከመ እና ከሰ ጀምሪ። በነዚህ ብቻ «ላም»፣ «ስም»፣ «ሰማ»፣ «ሰላም» ይነበባል። በ ስትጨመር «ልብ»፣ «ላብ»፣ «ልብስ» ይመጣሉ። ቃል የቀመሰ ልጅ የሱቅ ታፔላ ካላነበብኩ ብሎ እናቱን መንገድ ላይ ያስቆማል።

2. ሳድስ (ስድስተኛው፣ እንደ ል፣ ም፣ ስ) ላይ ቆዪ። ካዕብ ከጎኑ ቅጥያ፣ ሳልስ ከእግሩ ሥር፣ ሐምስ ቀለበት አለው፤ ልጅ ቶሎ ይለየዋል። (ሩን ለብቻው አስጠኚ፤ እሱ አመለኛ ነው።) ሳድስ ግን ወጥ መልክ የለውም፤ ቃል ውስጥ ደግሞ የማይገባበት የለም። ልጁ «ልብስ»ን «ልእ-ብእ-ስእ» እያለ ይጎትተዋል። አትቆጪው። አንዴ በቀስታ፣ አንዴ ፈጠን አድርገሽ አንብቢለትና ይከተልሽ። ጆሮው ነው የሚያስተምረው።

3. የሃይላንድ ክዳን ሰብስቢ። በየክዳኑ ላይ አንድ ፊደል በማርከር ጻፊና ወለል ላይ ቃል ይሥሩበት። ግን እዚህ ጋ ተጠንቀቂ።

እኔ ይህን ሳሠራ ሱፐርቫይዘር ገባ። ሰላምታ የለም። «ክፍል ነው ወይስ መጫወቻ ሜዳ?» አለኝ ልጆቹ ፊት። የዕለት ዕቅዴን ከዓመታዊ ዕቅዱ ጋር አስተያየና «ምዕራፍ ወደኋላ ቀርተሻል» ብሎ ጻፈ። «አንድ ልጅ ያንብብልህ» ስለው ሰዓቱን አየ። ይባስ ብሎ ለልምድ ልውውጥ ወደ ሞዴል ክፍል ወሰደኝ። እዚያ አንድ ልጅ ተነሥቶ ገጹን ውኃ አድርጎ ወጣው፤ ዓይኑ ግን ሱፐርቫይዘሩ ላይ ነበር። ጠጋ አልኩና መሀል ላይ ያለች አንዲት ቃል ላይ ጣቴን አደረግኩ። «ይቺ ምን ትላለች?» ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከገጹ ራስ ጀመረ፤ እዚያ ቃል ጋ እስኪደርስ። «ልጁን አታስጨንቂው» ተባልኩ። የዚያ ሴሚስተር የሥራ አፈጻጸሜም ዝቅ አለ።

ስለዚህ ስሚኝ። ዕቅዱን እነሱ እንደሚወዱት አድርገሽ ጻፊና ጠረጴዛሽ ላይ አኑሪው። ከጎኑ ሌላ ደብተር ያዢ፦ የየልጁ ስም፣ የለያቸው ፊደሎች፣ ያነበባቸው ቃላት፣ ቀኑ። በየወሩ ለርዕሰ መምህር አሳይተሽ አስፈርሚ። እኔን ያተረፈኝ ይሄ ደብተር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ርዕሰ መምህሯ ራሷ አዲስ ጽሑፍ ይዛ ገባች፤ ከጥቂቶቹ በቀር ልጆቼ አነበቡላት። ሱፐርቫይዘሩ ይቅርታ አላለም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ደግሞ ከሰሌዳ በማስገልበጥ አትተማመኚ። እጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ የጻፈውን ግን የማያነብ ልጅ ሞልቷል። በየቀኑ ትንሽ የቃል ጽሕፈት ስጪ፤ ሦስት ቃል ይበቃል። ስትዞሪ የተሳሳተውን ብቻ አክብቢለት፤ ኤክስ አታብዢ።

ወላጆች «እንግሊዝኛው የታለ?» ብለው ይመጡብሻል። ልጃቸውን ፊታቸው አማርኛ አስነብቢው፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

የፊደል ካርድ ከፈለግሽ የኔን ፎቶ ኮፒ አድርጌ እሰጥሻለሁ፣ በውስጥ አናግሪኝ። ላሚኔት እንዳታስደርጊ፣ ገንዘብ ነው የሚበላው። ከባለሱቅ ካርቶን ለምኚና ለጥፊበት።