የሳንባ ትሉን ከመፍጨታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ የሳንባ ትሎችን ዝርያ ለመለየት ላቦራቶሪ እንደገባችሁ ጄል፣ ማለትም የትሉን ፕሮቲን በመጠን ለይቶ በመስመር የሚያሳየውን ምርመራ፣ ትወዳላችሁ። አልፈርድባችሁም። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ተደርድረው ሲወጡ ጉዳዩ ያለቀለት ይመስላል። እኔ ግን የምመክራችሁ ከጄሉ በፊት ስላለው ሥራ ነው።

ደብረ ብርሃንና መንዝን በመሳሰሉ ደጋዎች በበጎች ላይ በብዛት የምናገኛቸው የሳንባ ትሎች ሦስት ናቸው፤ ዲክትዮካውለስ ፊላሪያ፣ ሙለሪየስ ካፒላሪስና ፕሮቶስትሮንጂለስ ሩፌሰንስ። መለየታቸው ለወረቀት ብቻ አይደለም። ፊላሪያ በቀጥታ ከሣር ጋር ይገባል። ሌሎቹ ሁለቱ ግን መጀመሪያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለባቸው። ፊላሪያን የሚጠርግ መድኃኒትም ሙለሪየስን ላይነካው ይችላል።

የፕሮቲን ምርመራው መንገድ ቀላል ነው። ትሉ ይፈጫል፣ ኤስዲኤስ በሚባል ኬሚካል ፕሮቲኑ ይፈታታል፣ ከዚያ በኤሌክትሪክ ጄሉ ውስጥ ይነዳል። ትንንሹ ይሮጣል፣ ትልልቁ ወደኋላ ይቀራል። በኩማሲ ሰማያዊ ቀለም ሲነከር መስመሮቹ ይታያሉ። ጣጣው የሚመጣው መስመሮቹን ስናነብ ነው።

66 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ ደማቅ መስመር ካያችሁ ቶሎ አትደሰቱ። የበጉ የራሱ አልቡሚን፣ ማለትም በደሙ ውስጥ በብዛት ያለው ፕሮቲን፣ ሊሆን ይችላል። ትሉ ከሳንባ ሲወጣ ደምና አክታ ይዞ ነው የሚወጣው። ደጋግማችሁ እጠቡት። በጄሉ አንድ ረድፍ ላይ ደግሞ የበጉን ሴረም (ከረጋ ደም የሚለየውን ፈሳሽ) ብቻውን አስሩጡ። ያኔ የትሉ የትኛው፣ የበጉ የትኛው እንደሆነ ይለያል።

ወንድና ሴትም አትደባልቁ። ወንዱ 14 ኪሎዳልተን አካባቢ የሚታይ ብዙ የዘር ፕሮቲን አለው። አውሮፓ ውስጥ ለከብት የሳንባ ትል በሚሠራ የደም ምርመራ የሚጠቀሙት ይህንኑ የፕሮቲን ዓይነት ነው። ሴቷ ደግሞ በእንቁላል የተሞላች ናት። አንዱን ዝርያ ከወንድ፣ ሌላውን ከሴት ከወሰዳችሁ የምታወዳድሩት ጾታን እንጂ ዝርያን አይደለም።

ፎርማሊን ውስጥ የቆየ ትል ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ ይተሳሰራል። ከቄራ በበረዶ አምጡና ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። መብራት ሲሄድ ምን እንደምታደርጉ ደግሞ አስቀድማችሁ አስቡበት። የሀገራችንን መብራት ታውቁታላችሁ።

ከሁሉም በላይ፣ ስሙን ያላወቃችሁትን ትል አትፍጩ። የወንዱን ጅራት ቆርጣችሁ አልኮል ውስጥ አስቀምጡ። የፊላሪያ ወንድ ቡናማ፣ ቦት ጫማ የሚመስሉ ስፒኩሎች (ጅራቱ ላይ ያሉ የመራቢያ አካላት) በማይክሮስኮፕ በደንብ ይታያሉ። ቀሪውን አካል ለጄል አድርጉት።

በጉ በሕይወት ካለ በጠጡን ከመሬት አታንሱ፣ የመሬት ትሎች ይቀላቀሉበታል። ከፊንጢጣው ውሰዱ። በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ለብ ያለ ውሃ ባለበት ፈንል ላይ አሳድሩት። ጠዋት የትሉ እጭ (ገና ያላደገው ትል) ከታች ይጠብቃችኋል። ራሱ ላይ ጉብታ ካለው ፊላሪያ ነው። ጅራቱ ላይ እሾህ ካለው ሙለሪየስ ነው። ጅራቱ ተጠማዞ እሾህ ከሌለው ፕሮቶስትሮንጂለስ ነው። ለዚህ ጄልም ኤሌክትሪክም አያስፈልግም።

ጀማሪ ከሆናችሁ ለጄል በፊላሪያ ጀምሩ። የአየር ቧንቧውን በመቀስ ስትከፍቱ ነጭ ክር ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ሴቷ እስከ 10 ሴንቲሜትር ትደርሳለች። ሙለሪየስ ግን ሳንባው ሥጋ ውስጥ እባጭ ሠርቶ ይቀበራል። ሳይበጠስ ለማውጣት እጃችሁ መልመድ አለበት።