ሳርክ በጤነኛ ህዋስም ካለ ቫይረሱ ምን አመጣ?

ከደሴ የጠየቅሽው እህታችን፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ «ራውስ ሳርኮማ ቫይረስ ሳርክ የተባለ ኢንዛይም ወደ ህዋስ ስለሚያስገባ ካንሰር ያመጣል ተብለን ተማርን። መጽሐፉ ግን ሳርክ በጤነኛ ህዋስም አለ ይላል። ታዲያ ቫይረሱ ምን አዲስ ነገር አመጣ? ብዛቱ ነው? ኤችአይቪስ እንዲሁ ነው?»

አብሽሪ፤ ግራ የገባሽ ቦታ በትክክል ግራ የሚያጋባው ቦታ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በዶሮ ጤና ላይ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ተለማማጅ ተማሪዎችም ይህንኑ ይጠይቁኛል። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ቫይረሱ ያመጣው የህዋሱን የራሱን ኢንዛይም ነው፤ ያመጣው ግን መቆለፊያውን ቆርጦ ጥሎ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዶሮ ነው። ፔይተን ራውስ በ1911 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአንዲት ዶሮ ዕጢ ያወጣውን ፈሳሽ ህዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ ወደ ሌሎች ዶሮዎች ወጋ፤ እነርሱም ዕጢ አበቀሉ። የኖቤል ሽልማት የደረሰው በ1966 ነው፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ከዚያ በ1976 ማይክል ቢሾፕ፣ ሃሮልድ ቫርመስና ባልደረቦቻቸው የቫይረሱን የሳርክ ጂን ጤነኛ ዶሮ ውስጥ አገኙት። በዳክዬ ውስጥም አለ፤ በሰው ውስጥም አለ። ቫይረሱ ጂኑን ከቀድሞ አስተናጋጁ ህዋስ ወስዶ ነበር የሚዞረው። እኔ ከካንሰር ታሪክ ሁሉ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ግኝት የለም።

አሁን ወደ ኢንዛይሙ እንግባ። ሳርክ ካይኔዝ ነው፦ ኤቲፒ ከተባለው የህዋስ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል ላይ ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ውስጥ ባለ ታይሮሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ላይ ይለጥፋል። ፎስፌት የተለጠፈበት ፕሮቲን ቅርጹ ይለወጣል ወይም አዲስ ተጣማሪ ያገኛል፤ ህዋስ መልእክት ከሚያቀባብልባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ሌሎች ኢንዛይሞች ደግሞ ፎስፌቱን እያነሱ መልእክቱን ያጠፋሉ። እስከ 1979 ድረስ በዚህ ሥራ የሚታወቁት አሚኖ አሲዶች ሴሪንና ትሪዮኒን ነበሩ። ተመራማሪው ቶኒ ሃንተር አሚኖ አሲዶቹን ለመለየት የተጠቀመበት ባፈር (የአሲድነትን መጠን የሚጠብቅ ፈሳሽ) በመቆየቱ ፒኤቹ ከ1.9 ወደ 1.7 ወርዶ ነበርና፣ እስከዚያ ከፎስፎትሪዮኒን (ፎስፌት ከተለጠፈበት ትሪዮኒን) ጋር ተደራርቦ ይሄድ የነበረው ፎስፎታይሮሲን ለብቻው ተለይቶ ታየ። በጤነኛ ህዋስ ውስጥ ፎስፌት ከተለጠፈባቸው አሚኖ አሲዶች መካከል የታይሮሲን ድርሻ 0.03 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ራውስ ሳርኮማ ቫይረስ በለወጠው ህዋስ ውስጥ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ይወጣል።

ይህ ጭማሪ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ቀስ ብለሽ አንብቢ። የዶሮ ሳርክ 533 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ጅራቱ አጠገብ፣ በ527ኛው ቦታ ላይ፣ አንድ ታይሮሲን አለ። ሲኤስኬ የተባለ ሌላ ኢንዛይም እዚያ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ኤስኤች2 የተባለው የሳርክ የራሱ ክፍል ይህን ፎስፌት ይይዘዋል፤ ኢንዛይሙ በራሱ ላይ ታጥፎ ይዘጋል። ሥራ ሲፈለግ ፎስፌቱ ይነሳል፣ ሳርክ ይዘረጋል፣ 416ኛው ታይሮሲኑ ፎስፌት ይቀበላል፣ ሥራው ይጀምራል። ሲያበቃ ተመልሶ ይታጠፋል። በቫይረሱ ሳርክ ላይ ግን የመጨረሻዎቹ 19 አሚኖ አሲዶች የሉም፤ በቦታቸው 12 ሌሎች ገብተዋል። 527ኛው ታይሮሲን አብሮ ሄዷል። ሲኤስኬ ህዋሱ ውስጥ ደህና ነው፤ ፎስፌት የሚለጥፍበት ቦታ ግን አጣ። በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑ ቢበጠስ ሞተሩ ጉልበት አልጨመረም፤ ሹፌሩም ፔዳሉን ይረግጣል፤ ፔዳሉ የሚይዘው ነገር ብቻ የለም።

ብዛቱ ነው ወይ ላልሽው ግልጽ ፈተና ተደርጓል። ጤነኛውን ሳርክ በብዛት እንዲያመርቱ የተደረጉ ህዋሶች እንደ ቫይረሱ አልተለወጡም። 527ኛውን ታይሮሲን ብቻ በፌኒልአላኒን የተኩበት ሳርክ ግን ህዋሱን ለወጠው። አንድ አሚኖ አሲድ በቃ! ቦታም ወሳኝ ነው፦ ሳርክ ከህዋሱ ሽፋን ጋር የሚያያዘው በመነሻው ባለው ግላይሲን ላይ በሚጣበቅ የስብ አሲድ ነው። ይህ ማያያዣ ሲጠፋ ኢንዛይሙ ፎስፌት መለጠፉን ይቀጥላል፤ ህዋሱ ግን ካንሰራማ አይሆንም።

ከሽፋኑ ሥር ተቀምጦ ያለ እረፍት ሲሠራ ህዋሱን ከመሬቱ ጋር የሚያጣብቁትን ፕሮቲኖች ይነካል፤ ህዋሱ ይድቦለቦላል፣ ይላቀቃል። ራስ (Ras) በተባለው ፕሮቲንና በፒአይ3 ካይኔዝ የመልእክት መንገዶች በኩል ደግሞ «ተባዛ፣ አትሙት» የሚለው መልእክት ሳይቋረጥ ይተላለፋል።

ሌሎቹንም በዚሁ ዓይን እያቸው። ተማሪዎቻችን የቫይረስና የጂን ስም ዝርዝር እንዲሸመድዱ መደረጋቸው ያሳዝነኛል፤ «የጎደለው ወይም የተለወጠው ክፍል የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የዶሮ ኤሪትሮብላስቶሲስ ቫይረስ ኤርብቢ የተባለው ጂን ኢጂኤፍ የተባለውን የእድገት አነቃቂ ፕሮቲን የሚቀበለውን ተቀባይ የተቆረጠ ቅጂ ይሠራል፤ ከህዋስ ውጭ ያለው ክፍል በአብዛኛው ስለሌለ ኢጂኤፍ ሳይመጣ መልእክት ይልካል። የሃርቪ ቫይረስ የያዘው የራስ ፕሮቲን 12ኛው አሚኖ አሲዱ ስለተለወጠ ጂቲፒ የተባለውን ማብሪያ ሞለኪውሉን ቆርጦ መልእክቱን ማቆም ያቅተዋል። ከአይጥ የመጣው የአቤልሰን ቫይረስ ኤብል የተባለ ካይኔዝ ይዟል፤ የሰው ኤብል ቢሲአር ከተባለ ሌላ ጂን ጋር ሲጣበቅ ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ይመጣል፤ በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ የሚዘጋው ይህንኑ ኢንዛይም ነው።

አሁን ግምትሽ ትክክል የሚሆንበትን ቦታ ልንገርሽ። እኛ ዶሮ ላይ የምንሠራ ሰዎች የምንፈራው የሊምፎይድ ሉኮሲስ ቫይረስ ምንም የተሰረቀ ጂን የለውም። በወረረው ህዋስ ዲኤንኤ ውስጥ ማይክ ከተባለ ጂን አጠገብ ከገባ የራሱ ማብሪያ ጂኑን ያለ ልክ ያሠራዋል። ማይክ ኢንዛይም አይደለም፤ ጂኖችን የሚያዝ ፕሮቲን ነው፤ እዚህ ጋ ጉዳቱ በእርግጥ ብዛቱ ነው። ይህ እንዲሆን ቫይረሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ መግባት ስላለበት ጊዜ ይወስዳል፤ ዕጢው በአብዛኛው የሚታየው ዶሮዋ ከ14 ሳምንት ካለፈች በኋላ ነው። የሞተች ዶሮ ስከፍት ጉበቱ አብጦ ነጫጭ ዕጢ ካየሁ መጀመሪያ ዕድሜዋን የምጠይቀው፣ ቀጥዬም ዕጢው የሚነሳበትን የበሽታ መከላከያ አካል፣ የፋብሪሺየስ ቡርሳዋን፣ የማየው ለዚህ ነው። ዶሮ አርቢዎችም ይህን ስለምታነቡ፦ ማሬክ ሌላ በሽታ ነው፤ የሚያመጣው ከሄርፐስ ወገን የሆነ ቫይረስ ነው፤ ክትባት አለው። ሉኮሲስ ክትባት የለውም፤ ከእናቲቱ በእንቁላል ወደ ጫጩት ስለሚተላለፍ መከላከያው ንጹሕ የእናት ዶሮ መንጋ ነው።

ራውስ ሳርኮማም ኤችአይቪም ከሚመደቡበት የሬትሮቫይረስ ወገን (አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ገልብጦ ህዋሱ ዲኤንኤ ውስጥ ከሚያስገባ) በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣው በ1980 የተገለጸው ኤችቲኤልቪ-1 ነው። የሚጠቀምበት ታክስ የተባለ ፕሮቲን ከህዋስ የተወሰደ አይደለም፤ የቫይረሱ የራሱ ነው። አይኬኬ ከተባለው የካይኔዝ ስብስብ ጋር ተያይዞ ያነቃዋል፤ ኤንኤፍ-ካፓቢ የተባለው የጂን አዛዥም ወደ ኒውክለስ ይገባል። ካንሰሩ የሚይዘው ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ጥቂቶቹን ብቻ ነው፤ እነርሱንም ከአሥርተ ዓመታት በኋላ።

ኤችአይቪ ግን በዋናነት በዚህ መንገድ አይሄድም። የሚወረውን የሲዲ4 ህዋስ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ህዋስ) ይገድላል እንጂ እያባዛ ዕጢ አያደርገውም። መከላከያው ሲደክም ሌሎች ቫይረሶች ዕድል ያገኛሉ። ስለዚህ በኤችአይቪ ታካሚ ላይ ካፖሲ ሳርኮማ ስታዪ ዕጢው ህዋስ ውስጥ የምትፈልጊው የሰው ሄርፐስ ቫይረስ 8ን ነው።