ከመዝገቡ በፊት ቤቱን እዩ

ውድ ልጆቼ፣ በጎንደር ከተማ ለረጅም ዘመን በማኅበራዊ ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ በድጎማ የሚኖሩ ወገኖችን ከሥራ ጋር የማገናኘቱን ኃላፊነት ከእኛ ስለተረከባችሁ ነው።

አዘዞ ለምትኖር አንዲት እናት ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል የጽዳት ሥራ አግኝቼላት ነበር። በስድስተኛው ቀን ቀረች፤ እኔም መዝገቧ ላይ «ለመሥራት ፈቃደኛ አይደለችም» ብዬ ጻፍኩ። ሳምንት ቆይቼ ቤቷ ስሄድ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የሰው ጤፍ ስታበጥር አገኘኋት። ፈረቃዋ የሚያልቀው ታክሲ ከጠፋ በኋላ ኖሯል፤ ለባጃጅ የምትከፍለው ከቀን ገቢዋ ግማሹን ይወስድባታል፤ ልጇን የምትጠብቅላት ጎረቤትም አመሻሽ ላይ ወደ ጉሊቷ ትወጣለች። «በስንት ሰዓት ቤትሽ መግባት አለብሽ?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ሁሉንም በነገረችኝ ነበር። ያን የጻፍኩትን መስመር ሰርዤ አሠሪውን የጠዋት ፈረቃ ለመንኩላት፤ እሺ አለኝ። ጽሑፉ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለከተማ ድሆች ድጎማ የሚሰጠው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ተጠቃሚዎች በአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፉ ከሚከፈላቸው 20 በመቶውን እንዲቆጥቡና በሦስት ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ችለው ከድጎማው እንዲወጡ ታስቦ ነበር። ሦስት ዓመት ብዙ ይመስላል፤ ሆኖም መታወቂያ ለማውጣት ወራት የሚመላለስ፣ ከዚያም ለጥበቃ ሥራ ዋስ አምጣ የሚባል ሰው ጊዜው በደጅ ጥናት ያልቅበታል። ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለው ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? እኔ የእድሩን ዳኛ ይዤ አሠሪው ዘንድ እሄድ ነበር፤ ሁሉም ባይቀበሉም፣ ሰውየውን በለቅሶና በሠርግ ለዓመታት የሚያውቅ ሽማግሌ ፊት ለፊት ቆሞ ሲመሰክርለት ልባቸው የሚራራ ነበሩ።

ሰውየው ተቀጠረ ብላችሁ መዝገቡን አትዝጉ። የቀን ሥራ የለመደ ሰው ማታ ማታ ዳቦ መግዣ ይዞ ይገባ ነበር፤ ወርኃዊ ደመወዝ ሲጀምር ግን ሠላሳ ቀን ሙሉ ባዶ እጁን ይገባል፤ ብዙዎቹ ሥራውን የሚተዉትም በዚያ ወር ነው። ስለዚህ ወሩን በምን እንደሚያልፈው አስቀድማችሁ አብራችሁት አስሉ፤ ቁጠባው ካልበቃው አሠሪው የመጀመሪያውን ወር በየሳምንቱ እንዲከፍለው ራሳችሁ ሄዳችሁ ለምኑለት።