ከውኃ የወጣ አስከሬን ምን ይመሰክራል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣ አስከሬን በሐይቅ ወይም በወንዝ ውስጥ ሲገኝ፣ ሟቹ ሰጥሞ የሞተ ይሁን ወይም በሌላ ቦታ ተገድሎ የተጣለ በምን ይለያል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሕይወት ሳለ ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ለመተንፈስ ሲታገል፣ የገባው ውኃ በመተንፈሻ ቱቦው ካለው ንፍጥና አየር ጋር ስለሚደባለቅ፣ በአፍና በአፍንጫው ላይ ደቃቅ ነጭ አረፋ ሊታይ ይችላል፤ ሳንባውም ብዙ ጊዜ አብጦና ከብዶ ይገኛል። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ አረፋ በልብ ድካም ወይም በአደገኛ ዕፅ በሞቱ ሰዎችም ላይ ስለሚታይ፣ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ብዙዎች እንደ ምልክት የሚቆጥሩት የመዳፍ መጨማደድማ ከሞት በኋላ በተጣለ አስከሬን ላይም ይከሰታል።

ዳያተም የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ የውኃ ዋቅላሚዎች ሌላ ፍንጭ ይሰጣሉ። ልብ ገና እየመታ ከሆነ ከሳንባ ወደ ደም አልፈው እስከ አጥንት መቅኔ ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ መርማሪዎች በመቅኔው ያገኙትን ከስፍራው ውኃ ናሙና ጋር ያነጻጽራሉ። ናሙናው በቀላሉ ሊበከል ስለሚችል ግን ውጤቱ በባለሙያዎች ዘንድ አከራካሪ ነው።

ከሁሉ በላይ ክብደት የሚሰጠው በአንገት ጡንቻዎች ውስጥ ያለ የደም መፍሰስ፣ የአጥንት ስብራትና የመርዝ ምርመራ ነው። በሰጠመ ሰው ላይ እንኳ፣ ገፍቶ የጣለው ሰው መኖሩን አስከሬኑ ብቻ ላይናገር ይችላል፤ ስለዚህ የስፍራው ሁኔታና የምስክሮች ቃል አብረው ይመዘናሉ። ቤተሰብ በሐዘን ውስጥ ሆኖ ለቀብር መቸኮሉ ቢገባንም፣ አስከሬኑ ሳይመረመር እንዳይታጠብ አጥብቀን እንለምናለን።